ትምህርት አሥራ አንድ፦ አንድን ቦታ መግለጽ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ ጎብኚዎች ስለሚያዩት አንድ ቦታ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ምን ብላችሁ ትጀምራላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ «ከተማዋ እጅግ ውብ ናት፤ ነፋሻማ አየር አላት፤ በየዓመቱ ብዙ ሰዎች ይጎበኟታል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን ስለ ማንኛዋም ከተማ ሊነገሩ ስለሚችሉ አንዲቱን ከሌላይቱ ለይተው አያሳዩም። ስለዚህ አንድን ቦታ የሚገልጽ ጸሐፊ አስቀድሞ «ይህን ቦታ ከሌሎች የሚለየው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። የሚያገኘው መልስ የድርሰቱ ዋና ሐሳብ ይሆናል።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ በአየርላንድ ደቡባዊ ጠረፍ ስለምትገኝ ኮቭ ስለተባለች አነስተኛ የወደብ ከተማ ይናገራል። ዋና ሐሳቡ ምን እንደ ሆነ እያሰባችሁ በጥሞና አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለ. ምንባብ፦ የስንብት ወደብ

ከኮርክ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኮቭ የሚሄደው ባቡር ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ተጉዞ ከወደቡ አጠገብ ይቆማል። ከጣቢያው የሚወጣ መንገደኛ በባሕሩ ዳር የአንዲት ልጃገረድንና የሁለት ወንድሞቿን ሐውልት ያገኛል። ልጅቱ አኒ ሙር ትባላለች። በዲሴምበር ወር 1891 ከዚህ ወደብ ተሳፍራ ሄደች፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ በተከፈተው በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችውም እርሷ ነበረች።

በዚህ መንገድ የሄደችው አኒ ብቻ አይደለችም። ከ1848 እስከ 1950 ድረስ ከአየርላንድ ከተሰደዱት ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑት በኮቭ በኩል እንደ ወጡ ይገመታል። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ በመበላሸቱ የተነሣው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ፤ ከተረፈውም ብዙው አገሩን ለቀቀ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሁሉ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ሌሊቱን ያነጋ ነበር። የሄደ ሰው እንደማይመለስ ያውቁ ነበርና።

ከሐውልቱ አልፎ ወደ ከተማዋ መኻል ሲዘልቁ የቀድሞው የዋይት ስታር የመርከብ ኩባንያ ቢሮ ይገኛል፤ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1912፣ ታይታኒክ ለመጨረሻ ጊዜ በቆመችበት በዚህ ወደብ፣ 123 መንገደኞች በአነስተኛ መርከቦች ወደ እርሷ ተወሰዱ። ከአራት ቀን በኋላ ታይታኒክ ሰጠመች። መንገደኞቹ የተነሡበት የእንጨት መሳፈሪያ ርዝራዥ ከቢሮው በስተጀርባ ቆሞ ይታያል።

ጥቂት እልፍ ብሎ ባለው አደባባይ ላይ የሉሲታንያ መታሰቢያ ሐውልት አለ። ሜይ 7 ቀን 1915 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሉሲታንያን መትቶ ባሰጠማት ጊዜ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከሞት የተረፉትና ከባሕር የወጡት ብዙ አስከሬኖች ወደዚህች ከተማ መጡ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሟቾችም ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው መካነ መቃብር ዐርፈዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በኮረብታው ላይ፣ የቅዱስ ኮልማን ካቴድራል ቆሟል። ሥራው በ1868 ተጀምሮ ሕንጻው በ1919 ተባረከ። ቁመቱ 90 ሜትር ያህል በሆነው ማማው ውስጥ 49 ደወሎች አሉ። ከባሕር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ለሚመለከት ሰው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ይህ ማማ ነው።

ሐ. ማብራሪያ

1. ዋና ሐሳብ፦ ጸሐፊው በአንድም ቦታ «ኮቭ የሐዘን ከተማ ናት» አላለም። ሆኖም ሐውልቱም፣ መሳፈሪያውም፣ መቃብሩም ስለ ስንብት ስለሚናገሩ አንባቢው ሐሳቡን ራሱ ይደርስበታል።

2. ቅደም ተከተል፦ ምንባቡ አንድ እግረኛ የሚሄድበትን መንገድ ይከተላል። ከጣቢያው ወደ ሐውልቱ፣ ከዚያ ወደ ቢሮው፣ ወደ አደባባዩ፣ በመጨረሻም ወደ ኮረብታው ይመራናል። ስለዚህ አንባቢው አይደናገርም።

3. ዝርዝር፦ «ብዙ መንገደኞች» ከማለት ይልቅ «123 መንገደኞች» ማለት ይበልጣል። ቁጥሩ እያንዳንዱ ሰው የተቈጠረ መሆኑን ያሳስበናልና።

4. መምረጥ፦ ባቡሩ ኮቭ ከመድረሱ በፊት በፎታ ደሴት ላይ ይቆማል። በደሴቲቱ ላይ ቀጭኔና አቦ ሸማኔ የሚታዩበት፣ በ1983 የተከፈተ የዱር አራዊት መጠበቂያ አለ። ጸሐፊው ይህን የተወው ቦታው መታየት የማይገባው ሆኖ አይደለም፤ ዋናውን ሐሳብ ስለማያጠናክር ነው። ፎታ ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል። ልብ በሉ፤ የምናውቀውን ሁሉ መጻፍ መግለጽ አይደለም።

መ. የቋንቋ ጥናት

ቦታን ስንገልጽ አንዱ ነገር ከሌላው አንጻር የት እንዳለ የሚያመለክቱ ቃላት ያስፈልጉናል። «ከወደቡ አጠገብ»፣ «ከቢሮው በስተጀርባ»፣ «በኮረብታው ላይ» የሚሉትን ሐረጎች ተመልከቱ። እነዚህ ሐረጎች ቢወጡ ዐረፍተ ነገሩ ምን ያህል ትርጉም እንደሚጐድልበት ተወያዩ።

ሠ. መልመጃ

1. የምንባቡን ዋና ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. ጎረቤት ከሚሄደው ሰው ቤተ ሰብ ጋር ሌሊቱን የሚያነጋው ለምን ነበር? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

3. ከምንባቡ ቦታን የሚያመለክቱ ሦስት ሌሎች ሐረጎች አውጡና በየሐረጉ አዲስ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

4. ከኮቭ ፊት ለፊት ስፓይክ የተባለች ደሴት ትገኛለች። በረኃቡ ዘመን፣ በ1847፣ በምሽጓ ውስጥ እስር ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ጎብኚዎች በጀልባ ይደርሱባታል። ይህ አሳብ በምንባቡ ውስጥ ቢጨመር ዋናውን ሐሳብ ያጠናክራል ወይስ ያደክማል? መልሳችሁን በምክንያት ደግፉ።

5. በምትኖሩበት አካባቢ ያለ አንድ ቦታ ምረጡ። ከሌሎች የሚለየውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከወሰናችሁ በኋላ፣ «ውብ» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። ከድርሰታችሁ የተዋችሁትን አንድ ነገርና የተዋችሁበትን ምክንያት ከግርጌው አመልክቱ።