የመበለቲቱ ዘይትና የቤተሰብ ዕዳ



ለዚህ ሩብ ዓመት ጥናት የመረጥነው ንባብ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 የሚገኘው የነቢዩ ኤልሳዕና የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ሰባት ቁጥሮች ብቻ ስለ ሆኑ መምህሩ ማብራሪያ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ በዝግታ ቢያስነብባቸው መልካም ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በልባችን የሚቀረው መጨረሻው፥ ማለትም የዘይቱ መብዛት ነው። አጀማመሩ ስለ ዕዳ መሆኑን እንዘነጋለን።

ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ ከነቢያት ወገን የሆነ ሰው ነበር። ለሚስቱ ትቶላት የሄደው ግን ርስት ሳይሆን ዕዳ ነው። ዕዳው ከምን እንደ መጣ መጽሐፉ አይነግረንም፤ በሕመም ይሁን በድርቅ ወይም በአያያዝ ጉድለት አናውቅም። ይህ ዝምታ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በእኛ ሰፈር አንድ ቤት በዕዳ መያዙ ሲሰማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡን ምን አደረጉት?» የሚል ነውና። አበዳሪው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሊወስድ የመጣውም ከብት ወይም ዕቃ አይደለም፤ ሁለቱን ልጆች ባሮች ሊያደርጋቸው ነው። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 እንደምናነበውም፥ ከምርኮ የተመለሱት አይሁድ በረሃብ ዘመን እርሻቸውንና ቤታቸውን ካስያዙ በኋላ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ አንድ ነገር ይመልከት፤ ልጆቹ አልተበደሩም። የተበደረው ሞቷል፤ የሚከፍለው ግን ያልተበደረው ነው። በዘመናችን ቤተሰቦች ከዕዳ ለማምለጥ የሚፈልጓቸውን ልዩ ልዩ መንገዶች ስንመረምር ይህንኑ ነገር ደጋግመን እናገኘዋለን። መንገዶቹ በመልክ ይለያያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ አንሥተው በማይጮኸው ትከሻ ላይ የሚያኖሩ ናቸው።

በአገራችን በቀደመው ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ ቁራኛ ሆነው ይታሰሩ ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውላሉ፥ አብረው ያድራሉ። ልማዱ ጨካኝ እንደ ነበር አይካድም። ቢሆንም አንድ እውነት ነበረበት፤ የታሰሩት ሁለቱ ተዋዋዮች ነበሩ፥ አበዳሪውም የሰንሰለቱን ክብደት ያውቀው ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ብቻ ቀርቷል። ማን ከማን ጋር እንደ ታሰረ ግን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

ከሁሉ የተለመደው መንገድ ዕዳን በዕዳ መክፈል ነው። ለሠርግ፥ ለተዝካር፥ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቤት የተወሰደው ገንዘብ ቀኑ ሲደርስ ሌላ አበዳሪ ይፈለጋል። ዛሬማ በእጅ ስልክ በጥቂት ደቂቃ የሚገኝ አነስተኛ ብድር ስላለ አንዱ ቀዳዳ በሌላው ይደፈናል። የዚህ መንገድ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አራጣ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ አባት 20,000 ብር በወር ከመቶ ዐሥር ቢበደር በየወሩ 2,000 ብር ይከፍላል፤ በዓመቱ 24,000 ብር ከፍሎም ዋናው 20,000 ብር አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ይጠብቀዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ ዐሥራ ሁለት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለዚሁ ገንዘብ የዓመቱ ወለድ 2,400 ብር መሆኑ ነው። እንግዲህ ሕግ ለዓመት ከፈቀደው ጥቂት ብቻ የሚያንሰውን አራጣ አበዳሪው በየወሩ ይሰበስባል። አራጣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያስቀጣል፤ ነገር ግን በውሉ ወረቀት ላይ አራጣ የሚል ቃል ተጽፎ አይገኝም። 20,000 የተቀበለው ሰው 40,000 ብር ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ይፈርማል፥ ወይም ስንቅ የሌለው ቼክ በመያዣነት ይሰጣል። ሐሰቱን ራሱ ስለ ፈረመ ኋላ አቤት ለማለት አፉ ይያዛል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2269 ወንድሞቻቸውን ለረሃብና ለሞት የሚያደርሱትን አራጣ አበዳሪዎች በተዘዋዋሪ መንገድ ነፍሰ ገዳዮች ያደርጋቸዋል። ቃሉ ከባድ ነው፤ እሑድ ቀን ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ አራጣ አበዳሪ ካለ ለእርሱም እንዲሰማ መምህራን ሳያለዝቡ ያስተምሩት።

ወለድ አገድ የሚባለው ከዚህ የተሻለ ይመስላል፥ በአንዳንድ ነገርም የተሻለ ነው። ባለዕዳው ቤቱን ወይም የእርሻ ይዞታውን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ በቤቱ ይኖርበታል ወይም መሬቱን አርሶ ምርቱን ይወስዳል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ይለቅቃል። ወለድ የለም፥ ጭቅጭቅም የለም። ችግሩ ገበሬው ዋናውን ገንዘብ የሚያጠራቅምበት ያው መሬት ነበር፤ እርሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ከየት ያምጣ? ዐሥር መኸር አልፎም ዕዳው እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆያል፥ መሬቱም በልጆቹ ዘመን ሳይመለስ ይቀራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ያለውን ሥርዓት ከዚህ ጋር አስተያዩት። በዚያ ሥርዓት መሬት ለሌላ ሲተላለፍ ዋጋው የሚቆጠረው እስከ ኢዮቤልዩ ዓመት በቀሩት መኸሮች ልክ ነበር፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሊዋጀው ሲመጣ ያለፉት መኸሮች ይቀነሱለታል። በእኛ ወለድ አገድ ግን መኸር ያልፋል እንጂ ዕዳው አያልፍም። ሽማግሌዎች ውል ሲያዋውሉ ከየዓመቱ ምርት የተወሰነው ክፍል ከዋናው ገንዘብ እንዲቀነስ ቢያስጽፉ ከኦሪቱ ሥርዓት ብዙ አይርቁም። እንዲህ ያለ ውል እንዲጻፍ ምክር መስጠት የካህንም የመምህርም ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን ሴት ልጅን ወደ ዐረብ አገር መላክ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ብዙ እኅቶቻችን በላባቸው ወላጆቻቸውን ጦረዋል፥ ታናናሾቻቸውን አስተምረዋል፥ ስለዚህም ክብር ይገባቸዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ዕዳው የአባት ሆኖ ሳለ «አንቺ ሄደሽ አውጪን» ሲባል ልጅቱ በነፃነት መልስ የመስጠት ዕድል ነበራትን? ለደላላውና ለጉዞው የሚሆነው ገንዘብ ራሱ በብድር ሲገኝ፥ ከዕዳ ለመውጣት የተጀመረው መንገድ በሌላ ዕዳ ይጀምራል። ፓስፖርትዋ በአሠሪዋ እጅ ተይዞ፥ ደመወዝዋ ወራት ሳይከፈል የሚቆይባት ልጅ ብትፈልግም በቶሎ መመለስ አትችልም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፥ ከተመለሱት ብዙዎች ያገኙት ለጉዞአቸው የተወሰደው ብድር ገና ያልተከፈለበትን ቤት ነበር። ወላጆች ልጃቸው ለመሄድ ብትፈቅድ እንኳ አስቀድመው በወረቀት ሊያሰፍሩት የሚገባ ነገር አለ፤ ዕዳው ስንት ነው፥ እርስዋ የምትከፍለው ስንቱን ነው፥ ከዚያ በኋላ የምትልከው በማን ስም ይቀመጣል? መጠን የሌለው ዕዳ መጨረሻ የለውም። በአንዳንድ ቤት ዕዳው ካለቀ በኋላ ለቤት ክዳን፥ ከቤት ክዳን በኋላ ለወንድም ሠርግ እየተባለ ዐሥር ዓመት ያልፋል። ዕዳን ለማቅለል ገና ልጅ የሆነችውን መዳርም ከዚሁ ወገን ነው፤ ስለዚያ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

በከተማ ደግሞ የወረቀት ፍቺ የሚባል ተጀምሯል። ባልና ሚስት ሳይጣሉ ፍርድ ቤት ቀርበው ይፋታሉ፤ ቤቱ ለሚስት፥ ዕዳው ለባል ይሆናል፤ ማታ ግን በአንድ ገበታ ይበላሉ። ይህን የምጽፈው በኑዛዜ ከሚሰማው ሳይሆን ሰዎች በየቤቱ ጉብኝት ያለ ኀፍረት ከሚያወሩት ነው፤ አንዳንዶች እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የባልና የሚስት የአንድነትና የነጠላ ዕዳ መሆኑን ስለሚደነግግ ብልሃቱ በሕግም ፊት እንደሚታሰበው አያዛልቅም። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ደግሞ ምሥጢረ ተክሊል ለአበዳሪ መጋረጃ እንዲሆን የተሰጠ አይደለም። በሐሰት የተጀመረው መለያየት እውነተኛ ሆኖ የቀረበት ቤትም አለ፤ ቤቱ በስምዋ የሆነላት ሚስት ወይም ዕዳው በስሙ የቀረበት ባል ከጊዜ በኋላ ልብ ሲለውጥ የሚያግደው ነገር የለም።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ሌሊት ቤት ዘግቶ የሚጠፋ ሰው ዕዳውን ይዞት አይሄድም። ከ1988 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የተስፋፉት አነስተኛ የብድር ተቋማት ብዙውን ጊዜ የሚያበድሩት በቡድን ዋስትና ስለ ሆነ፥ አንዱ ሲጠፋ አራት ጎረቤቶች ይከፍሉለታል። እቁብ ደርሶት መጣሉን የሚያቋርጥም እንዲሁ በዋሱ ላይ ይጭናል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። የመጨረሻዋን ገንዘብ በሎተሪና በስፖርት ውርርድ ላይ ስለሚያውሉ ሰዎች ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2413 ግልጽ ነው፤ ጨዋታው በራሱ በደል ባይሆንም ለራስና ለቤተሰብ የሚያስፈልገውን የሚወስድ ሲሆን ነውር ይሆናል። ዕዳዬ ከተከፈለልኝ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ብፅዓት የሚገባም አስቀድሞ የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳለ ያስታውስ።

ወደ ንባባችን እንመለስ። ኤልሳዕ አበዳሪውን አልረገመም፥ ዕዳውንም አልሰረዘም። መጀመሪያ የጠየቃት በቤትዋ ያለውን ነው። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ሁለተኛው ትእዛዙ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ከጎረቤቶችዋ ሁሉ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ፥ ያውም ጥቂት እንዳይሆን አዘዛት። በዕዳ የተያዘች ሴት እንደገና እንድትዋስ ታዘዘች! ነገር ግን የምትዋሰው ገንዘብ አይደለም፤ በየጎረቤቱ ቤት የተቀመጠውን ባዶ ዕቃ ነው። ይህን ለማድረግ ደጃፍ ማንኳኳትና ችግርዋን ማሳወቅ ነበረባት። በሩ የተዘጋው ዕቃው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ፥ እናትና ልጆች አብረው ሲቀዱ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፤ በመጀመሪያ በሩን እንዘጋለን፥ ከዚያ ተአምር እንጠብቃለን። ዘይቱ የቆመው ዕቃው ባለቀ ጊዜ ነው፤ የጸጋው ልክ ጎረቤቶች ባበደሩት ባዶ ዕቃ መጠን ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በቀረውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነገራት። ዕዳ መክፈል የፍትሕ ግዴታ መሆኑን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2411 ያስተምራል፤ ኤልሳዕ ግን ከክፍያው በኋላ የሚበላ ነገር መቅረት እንዳለበት አልዘነጋም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን በተግባር ለማዋል የደከመችበት ጊዜ አለ። በ1462 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ በፔሩጃ ከተማ በፍራንቸስካውያን ስብከት ለድሆች በመያዣ የሚያበድር ቤት ተከፈተ፤ ከተበዳሪው የሚወሰደው ለቤቱ ሥራ ማስኬጃ የሚበቃ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር። ይህም አራጣ ነው የሚል ክርክር ስለ ተነሣ አምስተኛው የላተራን ጉባኤ በ1515 እ.ኤ.አ. ሥራው የተፈቀደ መሆኑን ወሰነ። በእኛ ዘንድ ደግሞ እቁብና የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አሉ። የ2025 እ.ኤ.አ. ኢዮቤልዩ ሲታወጅ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ባለጸጎች አገሮች የድሆችን አገሮች ዕዳ እንዲሠርዙ ለምነው ነበር። ለመንግሥታት የተጠየቀውን በአንድ ቁምስና ውስጥ ላለ አበዳሪ መጠየቅ አይከብድም።

መምህራን በዕዳ የተጨነቀ ቤተሰብ ሲመጣባቸው ገንዘብ መስጠት ወይም በቁምስናው ስም ዋስ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ሲራክ በምዕራፍ 29 ስለ ዋስትና የጻፈውን ያንብቡ። የሚጠበቅባቸው ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው ለማን ስንት እንዳለባቸው በአንድ ወረቀት እንዲጽፉ መርዳት ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው የደበቀው ዕዳ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ስለ ሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል፥ የሰሙትንም ለማንም አለመንገር ግዴታ ነው። ከዚያ አብሮ ወደ አበዳሪው መሄድ ይቻላል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 ዋስ የሆነ ሰው ሳይተኛ ፈጥኖ ወደ ባልንጀራው ሄዶ እንዲለምን ይመክራል፤ ምክሩ ለባለዕዳውም ይሆናል። አበዳሪ ብዙ ጊዜ የሚቆጣው ባለዕዳው ስላልከፈለ ብቻ ሳይሆን መንገድ ስለ ቀየረበት ነው።

ለቡድን ውይይት በመጀመሪያ በንባቡ ውስጥ የልጆቹን ድርሻ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ላይ የዕዳ መያዣ ነበሩ፥ በኋላ ግን ለእናታቸው ዕቃ የሚያቀብሉ ሆነዋል። ቀጥሎ በሰፈራችሁ ከዕዳ ለማምለጥ የሚደረገውን አንድ መንገድ አንሡና ሸክሙ በመጨረሻ በማን ላይ እንደሚያርፍ ተከታትላችሁ ድረሱበት። ነህምያ ምዕራፍ 5ን ለሚቀጥለው ስብሰባ አንብባችሁ ኑ፤ በዚያ ምዕራፍ የሚጠየቁት ተበዳሪዎች ሳይሆኑ አበዳሪዎች ናቸው።