መቆለፊያ ባለው መቃኛ ላይ የጊታር ክር አለዋወጥ



በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ አጠናን ዘዴና ስለ ሥነ ምግባር ነው። ዘንድሮ ግን ስለ ጊታር ክር እጽፋለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ባለፈው ዓመት መዝጊያ በዓላችን የሠራሁት ስህተት ነው።

እንደምታውቁት ትምህርት ቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ብቻ ነው። የያዝነው ልጆቻችን የሁለቱንም አገር ዜማ እንዲጫወቱበት ነው። በሱዳን «የጃዝ ንጉሥ» የሚባለው ሸርሃቢል አሕመድ፣ በእኛም አገር የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም የታወቁት በዚሁ መሣሪያ ነው። በበዓሉ ቀን አንድ ተማሪያችን እዚህ ዴም ግቢያችን ውስጥ በወላጆች ፊት ሲጫወት፣ ሁለተኛው ዜማ ላይ ቅኝቱ ወረደበት። ቆም ብሎ ቃኘው፤ መልሶ ወረደ። ከመድረክ ሲወርድ በጓደኞቹ ፊት «ልምምድ ጎድሎሃል» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ጊታሩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት» ብሎ መቃኛውን አሳየኝ። ሦስተኛው ክር ዘንጉ ላይ ስድስት ዙር ተጠምጥሟል፤ ከጀርባ ያለው መቆለፊያም አልጠበቀም። ያንን ክር በዋዜማው የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። በወጣትነቴ በቆየው ዓይነት ጊታር እንደለመድኩት አድርጌ፣ የመቆለፊያውን ጥቅም ሳልጠይቅ።

መቆለፊያው ምን ይሠራል?

ክራር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በክራር ላይ ክሩ ከጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል፤ እንዳይላላ የሚይዘው ሰበቃ ነው። የጎረቤቶቻችን ጠምቡርም የሚቃኘው በዚህ መንገድ ነው። በተለመደው ጊታር ላይም ክሩን ሁለት ሦስት ዙር የምንጠመጥመው በሰበቃ እንዲያዝ ብለን ነው።

መቆለፊያ ያለው መቃኛ ግን በሰበቃ አይተማመንም። ከጊታሩ ራስ ጀርባ ያለችው ክብ ብሎን ስትጠብቅ፣ ዘንጉ ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት ተገፍታ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ትነክሰዋለች። ስለዚህ ብዙ ዙር አያስፈልግም። እንዲያውም የተደራረበው ዙር በጨዋታ መሀል ቀስ በቀስ ስለሚረጋ ቅኝቱን የሚያወርደው እሱ ነው።

አሠራሩ

1. ክሮቹን አንድ በአንድ ለውጡ። ሁሉም በአንዴ ከወለቁ የአንገቱና የብርኩማው ሚዛን ይናጋል።
2. አሮጌውን ክር መጀመሪያ በመቃኛው አላሉት፤ ከዚያ ብሎኗን ፍቱና አውጡት። የተወጠረ ክር በፍጹም አይቆረጥም፤ ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።
3. ክሩ የነበረበትን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሃቡብ ከነፈሰ በኋላማ አቧራው የትም አይጠፋም።
4. አዲሱን ክር በብርኩማው በኩል አስገቡ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ቦታዋን መያዟን እያያችሁ ሳቡት።
5. የዘንጉ ቀዳዳ ከክሩ መስመር ጋር ትይዩ እስኪሆን መቃኛውን አዙሩ። ክሩን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት።
6. ክሩን እንደሳባችሁ ብሎኗን በጣት አጥብቁ። በፒንሳ አታጥብቁ፤ ልትሰበር ትችላለች።
7. አሁን ቃኙ። ክሩ በዘንጉ የውስጥ ጎን፣ ማለትም ከመቃኛው ጆሮ በተቃራኒው በኩል ይዙር። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ድምፁ ይደርሳል።
8. ትርፉን በመቁረጫ ፒንሳ ቁረጡ። ቁራጩን ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩ፤ ቤት ውስጥ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ታናናሾች አሉ።

መቆለፊያው የማይፈታቸው ችግሮች

መቆለፊያው ክሩ ከዘንጉ ላይ እንዳይንሸራተት ብቻ ያደርጋል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው።

አንደኛ፣ አዲስ ክር ይሳባል። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉትና እንደገና ቃኙ፤ መውረዱን እስኪያቆም ድገሙት።

ሁለተኛ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ስንጥቅ ከጠበበ ክሩ ይያዛል። ስትቃኙ «ጢክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ችግሩ እዚያ ነው። በእርሳስ ሹል ስንጥቁን ቀባ ቀባ ማድረግ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት አለ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የረዘመ ክር ይላላል፤ የላላ ክር ድምፁ ይወርዳል። በግንቦት ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የካርቱም ሙቀት ጊታሩን ሙከይፍ ካለበት ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው ግቢ ውስጥ አትጫወቱ። የምትጫወቱበት ቦታ ጥላ ሥር ጥቂት ከቆየ በኋላ ቃኙት።

ስትቃኙ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ድምፁ ካለፈ ከልኩ በታች አውርዳችሁ እንደገና አንሡት፤ የመቃኛው ጥርስ ልል ሆኖ እንዳይቀር።

ማጠቃለያ

ልጁን የገሠጽኩት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታም የጠየቅሁት በሰው ፊት ነው፤ በሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ። ከዚያ ወዲህ የጊታሩን ክር የሚለውጠው እሱ ነው፤ ለታናናሾቹም ያስተምራል። ይህንን አሠራር ለእኔም ያሳየኝ እሱ ነው።

ወላጆችና መምህራን፣ ልጅ ሲሳሳት ስናይ መጀመሪያ የያዘውን መሣሪያ እንመርምር፤ መሣሪያውን ማን እንዳዘጋጀለትም እንጠይቅ። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ጥፋቱ የእናንተ እንዳልሆነ ስታውቁ፣ እንደዚያ ልጅ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በአክብሮት አስረዱ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በክራርና መቆለፊያ ባለው መቃኛ ላይ ክሩን የሚይዘው ምን ምን ነው?
2. ወፍራሙ የኢ ክር በሰከንድ 82.4 ጊዜ፣ ቀጭኑ የኢ ክር 329.6 ጊዜ ይርገበገባል። ቀጭኑ ስንት እጥፍ ነው?
3. በትክክል የተቆለፈ አዲስ ክር ቅኝቱ ቢወርድ፣ መርምራችሁ የምታዩአቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ።