የናቡቴ ወይን ቦታና የጣና ባሕር፤ ያለፈው መቶ ዓመት ታላላቅ ጦርነቶች ከወዴት ተነሡ?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 4 የጦርንና የጠብን ምንጭ ይጠይቃል። መልሱንም ከሩቅ አይፈልገውም፤ በሰው ልብ ውስጥ ከሚዋጋው ምኞት እንደ ሆነ ያስረዳል። ብዙዎች ይህ ትምህርት ለጎረቤታሞች ጠብ ብቻ የተነገረ ይመስላቸዋል፤ የመንግሥታት ጦርነት ግን ከመሬት፥ ከንግድና ከመሣሪያ ብዛት የሚመጣ ሌላ ነገር ነው ይላሉ። እኛም መሬትና ንግድ ምክንያት አይሆኑም አንልም። ነገር ግን መሬት በራሱ አይዋጋም፤ የሚያዋጋው መሬቱን የተመኘው ልብ ነው። ይህንንም ለማስረዳት አንድ የመጽሐፍ ታሪክና አንድ የአገራችንን ባሕር አስተባብረን እንመለከታለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

በአንደኛ ነገሥት በምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን ወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ቢለው አዝኖ ተኛ፥ እህልም አልቀምስ አለ። ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አትማ ለከተማው ሽማግሎች ላከች። ጾም ታወጀ፤ ሁለት ሐሰተኞች መሰከሩ፤ ሽማግሎቹም እውነቱን መርምረው መመለስ ሲገባቸው የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ልብ ብሎ ላነበበው በዚህ ታሪክ ውስጥ የጥፋት ደረጃ አራት ነው፤ አንደኛው ምኞት፥ ሁለተኛው ባለቤቱ ሳያውቅ የተጻፈ ደብዳቤ፥ ሦስተኛው የሐሰት ምክንያት፥ አራተኛውም የዳኞች ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ባሕራችን እንምጣ። በቁንዝላ ዳርቻ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ባላገሮች ያያል፤ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ወደ ጣና ይገባል። በደሴቶቹ ላይ የዳጋ እስጢፋኖስ፥ የክብራን ገብርኤል፥ የጣና ቂርቆስና የናርጋ ሥላሴ ገዳማት አሉ። ይህ ሁሉ ጸጥታ ያለበት አገር በሩቅ ባሉ መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ብዙ ደብዳቤ የተጻፈበት እንደ ነበረ ከዳርቻው ነዋሪዎች የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

እንግሊዞች ግብጽንና ሱዳንን ከያዙ በኋላ ለጥጥ እርሻቸው የዓባይን ውኃ ፈለጉ፤ ስለዚህ ዓይናቸው በጣና ላይ አረፈ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ባደረጉት ውል ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፥ የጣናን ወይም የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ተዋዋሉ። ይህ ውል ቢከብድም ባለቤቱ ያለበት ውል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደብዳቤው ያለ ባለቤቱ ይጻፍ ጀመር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በኢትዮጵያ ውስጥ የየራሳቸውን ጥቅም የሚጠብቁበትን ስምምነት በሎንዶን ፈረሙ፤ እንግሊዝ የዓባይን ውኃ፥ ፈረንሳይ የጅቡቲን ባቡር፥ ኢጣልያም ከኤርትራና ከሱማሌ ጋር የሚያገናኘውን ምድር ለየድርሻቸው አደረጉ። ምኒልክም ነገሩ ከተጨረሰ በኋላ ቢነገራቸው፥ ይህ ስምምነት የመንግሥታቸውን ሥልጣን ከቶ እንደማይቀንስ በጨዋ ቃል መለሱ።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ በሮም የነበረው የእንግሊዝ አምባሳደርና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ኢጣልያ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ልትረዳት፥ እንግሊዝም ኢጣልያ ከኤርትራ እስከ ሱማሌ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ የባቡር መንገድ እንድትዘረጋ ልትደግፋት ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ የገባችውም መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በዕለተ መስቀል ነው። ስለዚህ አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም. ሁለት አባሎች ስለ ሦስተኛው አባል ንብረት እርሱን ሳይጠይቁ መዋዋላቸውን በመቃወም ለማኅበሩ አመለከቱ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ የለንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ፤ አሳቡም ቆመ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። በስውር የተጻፈው ደብዳቤ በጊዜው በአደባባይ ሲነበብና ባለቤቱም ሳይፈራ ሲናገር ክፋት ወደ ኋላ ይላል።

ነገር ግን ምኞት ቢያፍርም አይሞትም። ኢጣልያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ፈረመች፤ ልቧ ግን የዐድዋን ቂም አልረሳም ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የተደረገው ግጭት ሰበብ ሆነ። ወልወል በረሃ ውስጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. የተደረገው የወሰን ውል ድንበሩን ከባሕር ዳርቻ 180 ማይል ርቆ እንዲሄድ ስለሚያደርገው፥ ቦታው ከዚያ አልፎ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ እኛ የጌታችንን ልደት ስናከብር፥ የፈረንሳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ በሮም ተዋዋሉ፤ ይህም ለወራሪው እጁን የሚፈታለት ሆነ። የወልወልን ነገር እንዲመረምሩ የተሠየሙት ዳኞች በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በሁለቱም ወገን ላይ ጥፋት አላገኘንም ብለው ፈረዱ። ሰበቡ ወደቀ፤ ጦሩ ግን አልተመለሰም፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ።

የሽማግሎቹን ነገር ደግሞ እንመልከት። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያ አጥቂ እንደ ሆነች ፈረደ፤ ሃምሳ ያህል መንግሥታትም የንግድ ቅጣት ጣሉባት። ነገር ግን ጦሩ የሚንቀሳቀስበትን ቤንዚን ከቅጣቱ ለይተው ተዉት፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። በሰኔ 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝ እንዳይነሣ የተከለከለበትን ውል ኢጣልያ ራሷ ፈርማ ሳለ፥ ያንኑ መርዝ በሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ አዘነበች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ቆመው አቤት ቢሉ፥ ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ቅጣቱ እንዲነሣ ወሰነ። ከዚህ በኋላ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። በዚያ ክፉ ዘመን እንደ ሜክሲኮ ያሉ ወረራውን ያልተቀበሉ ጥቂት መንግሥታት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ያለው የሜክሲኮ አደባባይም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

እነዚህ አራት ደረጃዎች በኢትዮጵያ ላይ ብቻ የደረሱ አይደሉም። መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. በማንቹሪያ የጃፓን መኮንኖች የባቡር ሐዲድ ራሳቸው አፈንድተው ጥፋቱን በቻይናዎች ላይ አደረጉ፤ ይህንም ምክንያት አድርገው አገሩን ያዙ። የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የእኛ ሠራዊት በትግራይ ተራሮች ሲያልቅ፥ ሂትለር የዳኞቹን ድካም አይቶ ጦሩን ወደ ራይን ምድር አስገባ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. በሙኒክ አራት መንግሥታት ተሰብስበው የቼኮስሎቫኪያን ምድር ቈርሰው ሲሰጡ፥ የአገሩ ባለቤት በጉባኤው አልተቀመጠም። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ፖላንድን የሚካፈሉበትን ምስጢራዊ ጽሑፍ ፈረሙ። ነሐሴ 25 ቀን ጀርመኖች ፖላንዳውያን መስለው የራሳቸውን የራዲዮ ጣቢያ አጠቁ፤ በማግሥቱም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ስለ ኢትዮጵያ ዝም ያሉት ከተሞች እሳቱ በራሳቸው ጣሪያ ላይ ወረደ።

ምናልባት አንድ ሊቅ፥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትስ እንደምን በዚህ ምሳሌ ይተረጐማል ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ በሳራዬቮ ሲገደል፥ የአውሮጳ መንግሥታት ሁሉ አስቀድመው በቃል ኪዳን ተሳስረው፥ በመርከብና በመድፍ ብዛትም ተፎካክረው ነበርና፥ በአምስት ሳምንት ውስጥ አንዱ ሌላውን እየጐተተ ወደ እሳቱ ገቡ። በዚያ ጦርነት ከምኞት ይልቅ ፍርሀት የሠራው ሥራ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ካልቀደምሁ እቀደማለሁ ይል ነበር። ልክ በአምስት ዓመቱ፥ ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በቬርሳይ የተፈረመው የሰላም ውልም በተሸናፊው ልብ ቂም ጥሎ አለፈ። በ1922 ዓ.ም. የተነሣው የንግድ መውደቅ ሥራ ፈትና ረኃብ ሲያበዛ፥ ያ ቂም ሂትለርን አነገሠ። ስለዚህ ከአራቱ ደረጃዎች በታች ፍርሀትና ቂም እንደ መሬት ተነጥፈው እንዳሉ እንጨምራለን፤ ሁለቱም ግን የልብ ደዌዎች ናቸው እንጂ ከመሬት የበቀሉ አይደሉም።

ካህናት ወንድሞቻችን ደግሞ በናቡቴ ታሪክ ውስጥ ጾም እንደ ታወጀ አይርሱ። ክፋት ሃይማኖትን መልበስ ይወዳል። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በሚላኖ የነበሩት ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው በአገራችን ላይ የተደረገውን ዘመቻ አመሰገኑ። ይህን የምናነሣው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ መስቀል የያዘ እጅ ሁሉ ይህ ፈተና እንዳለበት ለማስታወስ ነው። በእኛም ዘመን ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ፥ የእኛ ወገን የሠራው ሁሉ ጽድቅ፥ የሌላው ሁሉ ኃጢአት ሆኖ የታየን ጊዜ የለምን? የገደለውን ቤተ ዘመዳችን ስለ ሆነ ብቻ ሳንገሥጽ ያለፍን ካለን፥ ከኢይዝራኤል ሽማግሎች በምን እንለያለን?

የውኃው ነገር ዛሬም አላለቀም። በ1921 ዓ.ም. በግብጽና በእንግሊዝ፥ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በግብጽና በሱዳን መካከል ስለ ዓባይ የተደረጉት ውሎች ኢትዮጵያ የሌለችባቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በ2002 ዓ.ም. ከጣና ምዕራብ ዳርቻ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ የሚያወርደው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ ቁንዝላም ይህን በዓይኗ አየች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በዚህ ደስ ይለናል፤ ናቡቴ በወይን ቦታው መሥራቱ ጽድቅ ነውና። ነገር ግን ትላንት ናቡቴ የነበረ ሰው ነገ አክዓብ ሊሆን ይችላል። ያለ እኛ የተጻፈው ደብዳቤ እንዳስመረረን፥ እኛም ስለ ታችኞቹ ሕዝቦች ስናስብ ከእነርሱ ጋር ተቀምጠን መነጋገርን እንምረጥ። በራሳችን መንደርም ቢሆን ውኃው ለሚያልፍበት፥ መሬቱ ለሚወሰድበት ድኻ ባላገር አስቀድመን እንንገረው፥ ቃሉንም እንስማው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ነገሥታትን መገሠጽ ለሁላችን አልተሰጠም፤ ሽምግልና ግን ተሰጥቶናል። ሁለት ባላገሮች በድንበር ተጣልተው በፊታችን ሲቆሙ አራት ነገር እንጠይቅ። በልብህ የተመኘኸው ምንድር ነው? ስለ ባልንጀራህ መሬት እርሱ ሳይሰማ ከማን ጋር ተማከርህ? ያቀረብኸው ምክንያት እውነት ነውን? ይህን እያወቀ ዝም ያለ ማነው? አራተኛውን ጥያቄ ስንጠይቅ ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በኢይዝራኤል ከነበሩት ሽማግሎች አንዱ እንኳ እንቢ ቢል ናቡቴ ባልሞተ ነበር ይሆናል፤ በጄኔቭ ከተቀመጡት ታላላቆች ሁለቱ ቢጨክኑ የመርዙ ዝናብ ባልዘነበ ነበር ይሆናል። ኤልያስ የመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ካህን ግን ደብዳቤው ሲጻፍ መድረስ ይገባዋል።

ለዓለም ሁሉ ሰላምን፥ ለአገራችንም አንድነትን የሰላም አምላክ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።