የጎረቤት ልጅ በእማማ ቤት፦ ሕፃናትን በቤታቸው ለሚያውሉ እናቶች ምን መመዘኛ ይውጣ?

በዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ጉዳይ እንመለከታለን። በአሰላ ከተማ አንዲት እናት ማልዳ ወደ ጉልት፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ቢሮ ስትሄድ ሕፃኗን ለማን ትተዋለች? አያት ካለች ለአያት፣ አቅም ካላት ለሞግዚት ትተዋለች። ሁለቱም ከሌሉ ግን ለአንዲት የታመኑ የሰፈር እናት ትሰጣለች። ሰፈሩ እማማ እያለ ያከብራቸዋል፤ ሦስት አራት የጎረቤት ልጆችም በጥቂት ገንዘብ ያውላሉ። ጥያቄያችን ይህን የመሰለው ቤት ምን ሊያሟላ ይገባል፣ ማንስ ይጎበኘው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ የት ድረስ እንደሚሄድ እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ሰጥቷል። ሐኪሞች ግን ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። እንግዲህ እናቲቱ ወደ ሥራ የምትመለሰው ልጁ ከጡት በቀር ሌላ ሊቀምስ በማይገባው ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። መልካም ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ድንችና ሽንኩርት በመደብ የምትቸረችር እናት ማቆያ የሚሠራላት መሥሪያ ቤት የላትም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲም መዋዕለ ሕፃናትን የሚያስበው ከ4 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ለወላጆች ትምህርትና ለጤና አገልግሎት ትቶታል። በወንጀል ሕጋችን በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋ ይቀጣል። ይህ ግን የሚመጣው ልጁ ከሞተ በኋላ ነው።

ከሰሉ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲጠነክር በርና መስኮት ይዘጋል፤ ቡና የተፈላበት ከሰልም ቤቱን እንዲያሞቅ ከነምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። በደጋው አገር ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው።

ብዙዎች የሚፈሩት የሚጨሰውን ከሰል ነው፤ ፍም ሆኖ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም ይላሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ደም ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየውም ሳይታወቀው ይደክማል፣ ይተኛል፣ ሳይነቃም ሊቀር ይችላል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጉዳቱ ፈጥኖ ያገኘዋል። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ ይወጣል፤ የ5 ወር ልጅ ግን ዝም ብሎ ያንቀላፋል፤ ጠባቂዋም ዛሬስ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ ትላለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ሕፃናት በሚውሉበትና በሚተኙበት ክፍል ከሰል ፈጽሞ አይግባ የሚል ይሁን። ከሰሉ በደጅ ወይም በማዕድ ቤት ይቀጣጠል፤ ልጆቹ በጋቢና በብርድ ልብስ ይሙቁ። ልጅ ያለ ወትሮው ከፈዘዘ ወይም ካስመለሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

ስንት ልጅ?

በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነት ሕግ የተጀመረው ከሐዘን በኋላ ነው። ገንዘብ እየተቀበሉ ሕፃናትን የሚወስዱ፣ ከዚያም በረኀብ የሚገድሉ ሴቶች መኖራቸው ከተገለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. ዓመት ያልሞላቸውን ከአንድ በላይ ሕፃናት በክፍያ ከአንድ ቀን በላይ የሚያቆይ ሰው እንዲመዘገብ ታዘዘ። ለቀን ብቻ የሚያውሉት ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ፤ ልዩነቱ 76 ዓመት ነው! ዛሬ በዚያ አገር አንዲት የቤት ጠባቂ በመደበኛው ከ8 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ከ6 አትበልጥም። ከእነዚህም ከመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ያልዘለሉት 3፣ ዓመት ያልሞላው 1 ብቻ ነው። የራሷ ልጆችም ይቆጠራሉ።

ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። እሳት ቢነሣ አንዲት ሴት በሁለት እጇ ስንት ሕፃን ይዛ ትወጣለች ብላችሁ አስቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በእኛ አገር ቁጥሩ ሲበዛ የ9 ዓመት ልጅ ትጠራና ሕፃን ታዝላለች። ልጅቱ ራሷ ጠባቂ ያስፈልጋታል፤ እንደ ትልቅ ሰው ልትቆጠር አይገባም።

የቀረው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የውኃ በርሜልና ባልዲ ክዳን ይኑረው፤ ገና መዳኽ የጀመረ ልጅ በስንዝር ውኃ ውስጥ ይሰምጣልና። በረኪናና ናፍጣ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ በሌሎች አገሮች ይህ ትምህርት ከተሰጠ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እናቲቱ ያለበችው ጡት በንጹሕ ኩባያ ይሰጥ፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል። ቆሎስ? የአርሲ ገብስ ቆሎ የሁላችንም ደስታ ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ትንፋሽ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል አይሰጠው።

ፈቃዱን በተመለከተ

ፈቃድ ይውጣ ስንባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ማኅተምና ቅጣት ነው። እኛ ግን በዚህ መንገድ መጀመሩን አንደግፍም። ዛሬ ሰፊ ግቢና ሁለት ክፍል የሌላት አታውል ቢባል፣ እማማ ሥራቸውን አይተዉም፤ በራቸውን ዘግተው ይሠራሉ እንጂ። የተዘጋ በር ደግሞ ከሰሉን ይደብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያለ ክፍያና ያለ ቅጣት ምዝገባ ይሁን፤ ቀጥሎ ጉብኝትና ትምህርት፤ ፈቃድ በመጨረሻ ይምጣ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስላሉን ጎብኚ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከምንም ነገር የማይታለፉ ሁለት ነገሮች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠየቁ፤ እነርሱም ከሰሉና የልጆቹ ቁጥር ናቸው። የበርሜል ክዳን ወይም ተጨማሪ ፍራሽ የቸገራቸው ቢኖሩ ጎረቤትና ዕድር ሊረዷቸው ይችላሉ።

ምዝገባው ከአንድ ደብተር ሊጀምር ይችላል። በእያንዳንዱ ገጽ የልጁ ስምና የልደት ቀን፣ የተከተበው ክትባት፣ የማይስማማው ምግብ፣ እናቲቱ የምትውልበት ቦታና ስልኳ ይጻፍ። ከሥር ደግሞ ማታ ልጁን ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎች ስም ይስፈር፤ ስሙ በደብተሩ ያልተጻፈ፣ አጎት ነኝ ቢልም፣ እናቲቱ ሳትጠየቅ ልጁ አይሰጠውም።