የማያልቀው ቁጥር

 

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ አንድ ነገር ሞክሩ። ጋይንትም ሁኑ ስማዳ ወይም እስቴ፣ ከቤታችሁ ምጣድ አይጠፋም። ገመድ ውሰዱና ምጣዱን በመሐሉ በኩል ከዳር እስከ ዳር ለኩ። ያችን ልክ በዙሪያው አስኪዷት። ሦስት ጊዜ ትሄድና ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ምጣዱ ቢተልቅም ቢያንስም፣ የጎጆ ቤት ክብም ቢሆን ውጤቱ ያው ነው። ይህ «ሦስት ከትንሽ» ፓይ ይባላል።

ትንሿ ስንት ናት? ትምህርት ቤት «22 ሲካፈል ለ7» ተብለናል። አካፍሉት፦ 3.142857 ይመጣል፤ ከዚያ 142857 እንደገና እያለ ይደጋገማል። ለ7 ስናካፍል የሚተርፈው ከ1 እስከ 6 ካሉት አንዱ ነውና የሆነ ጊዜ ያው ቀሪ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ሲመለስ አሃዞቹም አብረውት ይመለሳሉ። ማንኛውም ክፍልፋይ እንዲህ ነው፤ ወይ ያልቃል፣ ወይ ይደጋገማል።

ፓይ ግን 3.14159265... እያለ ይቀጥላል። አያልቅም፤ ዙር ይዞም አይደጋገምም። ክፍልፋይ ሊሆን እንደማይችል ዮሐን ላምበርት በ1761 እ.ኤ.አ. አረጋገጠ። እንዲህ ያለው ቁጥር ኢራሽናል ይባላል። 22 ለ7 ቅርቡ እንጂ ራሱ አይደለም፤ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር በሆነ ምጣድ ዙሪያ ላይ የሚያሳስተን ግን ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው።

ከላምበርት ከ300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1424 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊሙ ሊቅ ጀምሺድ አልካሺ ሰመርቀንድ ላይ ፓይን ከነጥብ በኋላ እስከ 16 አሃዝ በእጁ አስልቷል። ዓላማው የሰማይን ክብ ያህል ግዙፍ ዙሪያ ሲሰላ እንኳ ስህተቱ ከአንድ የፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳይበልጥ ነበር። እዚያ ሲደርስ አቆመ። ድርሳኑን የጀመረውም ይህን ልክ የሚያውቀውን አላህን በማመስገን ነው።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። «ፓይ ስለማያልቅ ስልክ ቁጥራችሁም፣ የተወለዳችሁበት ቀንም፣ ሁሉም ነገር በውስጡ አለ» የሚል ጽሑፍ ደርሷችሁ ይሆናል። አለማለቅ ግን ሁሉን መያዝ ማለት አይደለም። ይህን እዩ፦ 0.101001000100001... ዜሮዎቹ አንድ በአንድ እየጨመሩ ይሄዳሉ። አያልቅም፣ አይደጋገምም፤ ነገር ግን አንድም 2 አታገኙበትም። ፓይ ማንኛውንም የአሃዝ ድርድር ይይዝ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ ሰው የለም።

አልካሺ ባሰላው ልክ ተናገረ፤ ከዚያ ያለፈውን ለዐዋቂው ተወ። እኛም ሼር ከማድረጋችን በፊት «ይህን ማን አረጋገጠው?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ራሱ የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። አሚን።