የመቀመጫ ሕመም እና ፒሪፎርሚስ ሲንድሮም፦ ለሐኪምዎ ምን ይንገሩ?

ይህ መረጃ በፍራንክፈርት አም ማይን ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ፒሪፎርሚስ በመቀመጫ ውስጥ በጥልቀት የሚገኝ ትንሽ ጡንቻ ነው። እግርን ወደ ውጭ ለማዞር ይረዳል። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የሳያቲክ ነርቭ በአብዛኛው ሰው ከጡንቻው ሥር፣ በጥቂት ሰዎች ደግሞ በጡንቻው መሐል ያልፋል። ጡንቻው ሲኮማተር ወይም ሲቆጣ ነርቩን ሊጫነው ይችላል።

ምልክቶቹ

• ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል፣ መቀመጫ ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም
• ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ፣ መኪና ሲነዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ መባስ
• ወደ ጭን ጀርባ የሚወርድ ማቃጠል ወይም መደንዘዝ

ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩ

ይህን ሕመም ለብቻው የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም። ኤምአርአይ የሚታዘዘውም በአብዛኛው እንደ ዲስክ መንሸራተት ያለ ሌላ ምክንያት መኖሩን ለማጣራት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ገለጻ የምርመራው ዋና ክፍል ነው። ብዙዎቻችን ቦታውን መጥራት ስለምናፍር «ወገቤን» ወይም «ኩላሊቴን አመመኝ» እንላለን። አስተርጓሚው ያሉትን እንዳለ ይተረጉማል፤ ሐኪሙም ሌላ በሽታ ይፈልጋል።

• የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩ።
• መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው ይንገሩ።
• ሥራዎን ይግለጹ፦ ጽዳት፣ ታክሲ መንዳት፣ ዕቃ ማንሳት።
• ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። አስተርጓሚ ወይም ሴት ሐኪም ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

• ቀኑን ሙሉ አይተኙ፤ በልክ ይራመዱ። ሲቀመጡ በየ30 ደቂቃው ይነሡ።
• የገንዘብ ቦርሳ በኋላ ኪስዎ ይዘው አይቀመጡ።
• በጀርባዎ ተኝተው ጉልበቶችዎን ይጠፉ። የሚያምዎትን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ ያድርጉ። የታችኛውን ጭን ቀስ ብለው ወደ ደረትዎ ይሳቡ። ለ30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ 3 ጊዜ ይድገሙ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ያቁሙ። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።
• ኢቡፕሮፌን በጾም ወቅትም ቢሆን በባዶ ሆድ አይውሰዱ። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ።
• ሐኪሙ መርፌ ስላላዘዘልዎ አልታከምኩም ብለው አያስቡ። ያለቦታው የተወጋ የመቀመጫ መርፌ ይህንኑ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ወጌሻም ቦታውን በኃይል እንዲያሽ አይፍቀዱ።

ሕክምናውን እንዴት ያገኛሉ?

በመጀመሪያ ወደ ቤተሰብ ሐኪም፣ «ሃውስአርትስት»፣ ይሂዱ። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ ካዘዘልዎ በአብዛኛው በ28 ቀናት ውስጥ መጀመር አለብዎት፤ ስለዚህ ቀጠሮ ወዲያው ይያዙ። በሕግ በተቋቋመ የጤና መድን የተመዘገበ አዋቂ በአብዛኛው የዋጋውን 10 በመቶ፣ ለማዘዣው ደግሞ 10 ዩሮ ይከፍላል። የጤና መድን ከሌለዎት በብራይተ ጋሰ 28 የሚገኘውን የፍራንክፈርት ጤና ቢሮ ስለ ሰብዓዊ የሕክምና አገልግሎቱ ይጠይቁ።

አይጠብቁ

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ሽንት አልወጣ ካለዎት፣ በሁለቱ ጭኖች መሐል ከደነዘዘዎት ወይም እግርዎ በድንገት ከሰነፈ ወዲያውኑ 112 ይደውሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ በፍጥነት ሐኪም ያማክሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ከባድ በሽታ ሊሆን ይችላል። ክሊኒክ በተዘጋበት ሰዓት አስቸኳይ ምክር ለማግኘት 116117 ይደውሉ።