የሙያ ትምህርት፦ የሚሰማ እንጂ የማይናገር ሬዲዮ
ለመገናኛ ሬዲዮ አስተማማኝ የኃይል ምንጭ ስለመምረጥ



በጁባ ከተማና ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በጎሮም ሰፈራ በጥበቃ፣ በሹፍርናና በጥገና ሥራ የተሰማራችሁ ወገኖቻችን ብዙ ናችሁ። ይህ ትምህርት በተለይ ለእናንተ የተዘጋጀ ነው።

በአንድ የክረምት ሌሊት ምጥ ለያዛት እህታችን መኪና ለመጥራት ሞክረን ነበር። ሬዲዮኑ በርቷል፤ የሌሎችንም ንግግር ጥርት አድርጎ ያሰማናል። የመናገሪያውን ቁልፍ ስንጫን ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። መኪናው የመጣው ሰው በጭቃ በእግሩ ሄዶ ከጠራ በኋላ ነው። እናትና ልጅ በሰላም ተገላገሉ። እኛም በማግሥቱ ሬዲዮኑን ፈትተን ብናየው አንድም ብልሽት አልነበረበትም። የተበላሸው የኃይል ምንጩ ነበር።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ባለ 25 ዋት ቪ ኤች ኤፍ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚፈልገው ግማሽ አምፔር ያህል ነው። ሲናገር ግን ከ5 እስከ 7 አምፔር ይወስዳል። ባለ 100 ዋት ኤች ኤፍ ሬዲዮ ደግሞ ሲናገር እስከ 20 አምፔር ይደርሳል። ስለዚህ የኃይል ምንጭ የሚመረጠው ሬዲዮኑ ሲያዳምጥ በሚወስደው ሳይሆን ሲናገር በሚወስደው መጠን ነው። ዋናው ትምህርታችን ይኸው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዝርዝሩን እንመልከት።

1ኛ. ፓወር ሰፕላይ፦ አብዛኞቹ የመኪና ሬዲዮኖች የሚሠሩት በ13.8 ቮልት አካባቢ ነው። ለ25 ዋት ሬዲዮ 10 አምፔር፣ ለ100 ዋት ደግሞ ከ25 እስከ 30 አምፔር ያለማቋረጥ የሚሰጥ ምረጡ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚሰጠው ከሆነ አያስተማምንም። በጁባ እ.ኤ.አ. በ2019 የ33 ሜጋዋት ማመንጫ ሥራ ቢጀምርም ጄኔሬተር ገና አልቀረም፤ የጄኔሬተር ቮልት ደግሞ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከ90 እስከ 264 ቮልት የሚቀበል ዕቃ ይመረጣል። አቧራ ስለሚበዛም አየር ከሚስብ ማራገቢያ ይልቅ ሙቀቱን በብረት አካሉ የሚያስወጣው ረጅም ዕድሜ አለው።

2ኛ. ባትሪ፦ የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ለመስጠት የተሠራ ነው፤ ደጋግሞ ሲራቆት ቶሎ ይሞታል። ለሬዲዮ የሚሻለው ለሶላር የሚሸጠው ዓይነት ነው። መጠኑን እንዲህ እናስላ። ሬዲዮኑ በቀን 23 ሰዓት ቢያዳምጥ (23 × 0.5) 11.5፣ 1 ሰዓት ቢናገር (1 × 7) 7፣ በድምሩ 18.5 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር ለአንድ ቀን ባለ 40፣ ለሁለት ደመናማ ቀን ባለ 80 ያስፈልጋል። ሙቀት የባትሪ ጠላት ስለሆነ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

3ኛ. ሽቦ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ከሬዲዮኑ 5 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን፣ 20 አምፔር ሲያልፍ 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 6 ሽቦ ግን የሚቀረው 0.6 ቮልት ብቻ ነው። ሽቦውን አሳጥሩ፤ አወፍሩ። ፊውዙንም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉ።

4ኛ. የጭነት መኪና፦ ብዙዎቹ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መስረቅ ባትሪዎቹን ያዛባል፤ ይገድላልም። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ተጠቀሙ፤ በመንገዱ ንጠት እንዳይላላም አጥብቃችሁ እሰሩት።

ፈተናው፦ ቴስተር ያዙ። አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ሳለ በመጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ሬዲዮኑ ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ ደህና ሆኖ ሬዲዮኑ ላይ ከወረደ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሰሪያው ነው። ሁለቱም ቦታ ከወረደ የባትሪው ወይም የፓወር ሰፕላዩ ነው። ሳይሠራ ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል።

በመጨረሻም፣ መገናኛ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ መትከል ያስጠይቃልና ሥራችሁ በተፈቀደለት መሣሪያ ላይ ብቻ ይሁን።

«ሬዲዮኑ ይሰማል» ማለት «ሬዲዮኑ ደህና ነው» ማለት አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ተናግራችሁ ሞክሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሌሊት ለሚጠራችሁ ሰው ዛሬ ለኩለት።